ለሮካቢሊ ድምፅ የሚሆን፣ ዋጋው ያልከበደ የዲሌይ ፔዳል የትኛው ነው?

ባለስድስትክር፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በጊታር፣ በኮንትራባስና በአንዲት ስኔር ድራም የ1950ዎቹን ሮካቢሊ፣ ማለትም ከካንትሪና ከብሉዝ የተወለደውን የቀድሞ ሮክ፣ መጫወት ጀምረናል፤ የምንከተላቸውም ስኮቲ ሙርን፣ ካርል ፐርኪንስንና ክሊፍ ጋለፕን ነው። ጣቶቼ ቀስ በቀስ ወደ አጨዋወቱ እየተጠጉ ቢሆንም ድምፁ ግን ገና ሩቅ ነው። በእነዚያ ቅጂዎች ላይ እያንዳንዱን ምት ወዲያው ተከትሎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመለሰው አጭር ኤኮ በእኔ ጊታር ላይ የለም፤ የአምፕሊፋየሬን ሪቨርብ፣ ድምፁን እንደ ሰፊ ክፍል የሚያስተጋባውን፣ ሳበዛው ደግሞ ድምፁ ከእኔ ይርቃል እንጂ ያንን ነጠላ ምላሽ አያመጣልኝም።

ያለኝ የቴሌካስተር ዓይነት ጊታርና አነስተኛ ቲዩብ አምፕሊፋየር ነው። ለገና በዓል ከሜሪላንድ የምትመጣው የአክስቴ ልጅ አንድ የዲሌይ ፔዳል፣ ማለትም ድምፁን አዘግይቶ የሚመልስ በእግር የሚረገጥ ሣጥን፣ ልታመጣልኝ ፈቃደኛ ሆናለች፤ ለፔዳሉና ለአዳፕተሩ በድምሩ 100 ዶላር መድቤያለሁ። ዕቃው እዚህ ከደረሰ በኋላ መመለስም ሆነ መለወጥ ስለማይቻል አስቀድሜ እናንተን መጠየቅ መረጥሁ። አናሎግ ይሻለኛል ወይስ ዲጂታል? ስንት ሚሊሰከንድ ያስፈልገኛል? በርካሽ የሚሸጡትስ ለዚህ ድምፅ ይበቃሉ?

የሜምፊስ ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ ድምፁ እንዴት እንደተሠራ ካወቅህ ምርጫው ራሱ ይቀልልሃልና ከመነሻው ልጀምርልህ።

ሳም ፊሊፕስ በሜምፊስ ከተማ፣ ዩኒየን አቬኑ ላይ ስቱዲዮውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊ በጁላይ 1954 የመጀመሪያውን ነጠላ ሸክላውን ከስኮቲ ሙርና ከቢል ብላክ ጋር የቀረጸውም እዚያው ነበር። ፊሊፕስ ኤኮውን የሚያወጣው በሁለት የአምፔክስ ቴፕ መቅረጫዎች ነው፤ አንደኛው ዋናውን ቅጂ ሲይዝ፣ ሁለተኛው ያንኑ ድምፅ እየቀረጸ ወዲያው መልሶ ያጫውተዋል። በመቅረጫው ላይ የሚቀርጸው ራስና የሚያጫውተው ራስ ተራርቀው ስለተቀመጡ፣ ቴፑ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ዘንድ እስኪደርስ የሚፈጀው ቅጽበት መዘግየት ሆኖ ይሰማል። ቴፑ በሰከንድ 15 ኢንች እየሮጠ በሁለቱ ራሶች መካከል 2 ኢንች ርቀት ቢኖር፣ መዘግየቱ 133 ሚሊሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። ይህ አጭር ነጠላ ኤኮ ስላፕባክ ይባላል፤ ሁላችንም በጆሯችን የምንሰማው ልክ በዚሁ አካባቢ ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ፔዳል ለሚመርጥ ሰው የሚጠቅም ብዙ ነገር አለ። የተመለሰው ድምፅ እንደገና ወደ መቅረጫው ስለማይገባ የሚሰማው አንድ ምላሽ ብቻ ነው። በቴፕ ውስጥ ስላለፈም ሹል ሹሉ ተቆርጦለት፣ ከዋናው ምት ትንሽ ለስለስና ጠቆር ብሎ ይመለሳል። ለዚህም ነው ከጊታሩ ጋር ሳይጋፋ ከኋላው የሚቆመው።

ስኮቲ ሙር ይህንን ድምፅ ከስቱዲዮ ውጭ ይዞ መሄድ የቻለው በ1955 የሬይ በትስን ኤኮሶኒክ አምፕሊፋየር ካገኘ በኋላ ነው። በትስ በኢሊኖይ ግዛት፣ ካይሮ በምትባል ከተማ የሚኖር የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴና ባለሙያ ነበር፤ የቴፕ ኤኮውን በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ገጠመው። ቼት አትኪንስና ካርል ፐርኪንስም ይህንኑ አምፕሊፋየር ይዘው ነበር። በኋላ የግሬች ጊታሮችን ዝነኛ ያደረገውን የፊልተርትሮን ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል) የሠራውም ይኸው ሰው ስለሆነ፣ የሮካቢሊ ጊታር ድምፅ ለእርሱ ባለውለታ ነው ብል አላጋነንሁም።

ስለ ሪቨርብ የጠየቅኸውም የራሱ ታሪክ አለው። ኤልቪስ ወደ አርሲኤ ኩባንያ ተዛውሮ በጃንዋሪ 1956 ናሽቪል ውስጥ ሲቀርጽ፣ መሐንዲሶቹ የፊሊፕስን ኤኮ እንዳለ ማምጣት ስላልቻሉ የሕንፃውን ኮሪደር እንደ ኤኮ ክፍል ተጠቀሙበት። ያ ቅጂ በራሱ ውብ ነው፤ ነገር ግን ሰፊና ረጅም ጥላ ያለው ድምፅ እንጂ የሜምፊሱ ነጠላ ምት አይደለም። ስለዚህ ሪቨርብህን ብታበዛ የምትፈልገው የማይመጣው ጥፋቱ የአንተ ወይም የአምፕሊፋየርህ ሆኖ አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ባለግሬች፦

የሜምፊስ ወዳጅ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሮካቢሊ ባንድ እጫወታለሁና ከመድረክ በኩል ያለውን ልጨምር።

ከ80 እስከ 150 ሚሊሰከንድ ያለው ክልል ለሥራው በቂ ነው። ሆኖም 133ን እንደ ሕግ አትያዘው፤ የዘፈኑን ፍጥነት ተከተል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ 140 ላይ ያስቀመጥኸው ኤኮ በምቶቹ መካከል ሰፊ ቦታ አለው። በደቂቃ 200 ምት በሚሮጠው ዘፈን ግን አንዱ ምት 300 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ግማሹ 150 ስለሆነ ኤኮው በየስምንተኛ ኖታው ላይ እየወደቀ፣ በፍጥነት የምትለቅመው ሐረግ እርስ በርሱ ይደራረባል። እኔ በእንደዚህ ዓይነቱ ላይ ወደ 100 አወርደዋለሁ፤ 100 ደግሞ የ300 ሲሶ ስለሆነ ከሮካቢሊው የሦስትዮሽ ውዝዋዜ ጋር ይስማማል።

ለዚህም ነው ለዚህ ድምፅ ፔዳል ስትመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ አናሎግ ነው ወይስ ዲጂታል የሚለው ሊሆን የማይገባው። መጀመሪያ ማየት ያለብህ የሰዓት ማዞሪያው፣ ማለትም የመዘግየቱን ርዝመት የሚወስነው ማዞሪያ፣ ክልል ነው። እስከ 600 ሚሊሰከንድ የሚሄድ ፔዳል፣ ለምሳሌ ተወዳጁ የኤምኤክስአር ካርበን ኮፒ፣ ጥሩ ዕቃ ቢሆንም አንተ የምትፈልገው ክልል በማዞሪያው መጀመሪያ ላይ በጠባቡ ተጨምቆ ይቀመጣል፤ እግርህ ሲነካው ወይም ቦርሳ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ልኩ ይጠፋብሃል። ዋጋውም ከመደብኸው በላይ ነው። እስከ 300 ብቻ የሚሄዱት፣ እንደ ድሮው ቦስ ዲኤም-2 ያሉት፣ ለእኛ ሙዚቃ ይበልጥ ይመቻሉ።

ከዲጂታሎቹ የቦስ ዲዲ-3ን ተመልከት። ከ1986 ጀምሮ የተሠራ ስለሆነ ያገለገለው በየቦታው ይገኛል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ካሰብኸው ገንዘብ አያልፍም። በዚህ ፔዳል ላይ ክልል መምረጫ አለ፤ ከ12.5 እስከ 50፣ ከ50 እስከ 200፣ ከ200 እስከ 800። መካከለኛውን ስትመርጥ የሰዓት ማዞሪያው ሙሉ ዙር ለአንተ ሥራ ብቻ ይውላል። ከዚህ የተሻለ የስላፕባክ መቆጣጠሪያ ባነሰ ዋጋ አላየሁም።

ሽቦና ብየዳ፦

እኔ አምፕሊፋየርና ፔዳል በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለ ርካሾቹ የጠየቅኸው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳያልፍ ትንሽ ወደ ውስጣቸው ልግባ።

የአናሎግ ዲሌይ ልቡ ባኬት ብሪጌድ የሚባለው ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ ድምፁን በተደረደሩ ጥቃቅን ኮንደንሰሮች ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው በሰዓት ምት እያቀበለ ያሳልፈዋል። መዘግየቱ የሚገኘው የኮንደንሰሮቹን ቁጥር ለሰዓቱ ፍጥነት እጥፍ በማካፈል ነው። በዲኤም-2 ውስጥ ያለው ቺፕ 4096 ደረጃዎች አሉት፤ 300 ሚሊሰከንድ እንዲያዘገይ ሰዓቱ ወደ 7 ኪሎኸርዝ መውረድ አለበት፤ 120 ሚሊሰከንድ ሲሆን ግን በ17 ኪሎኸርዝ ይሠራል። ሰዓቱ በዘገየ ቁጥር ድምፁ ይቆሽሻል፣ ሹክሹክታውም ይጨምራል። እንግዲህ ስላፕባክ የምትጫወት ከሆነ ቺፑን ከአቅሙ በታች፣ በተመቸው ቦታ ነው የምታሠራው።

በትናንሾቹና በርካሾቹ ፔዳሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፒቲ2399 የሚባለው ቺፕ ነው። ሳጥኑ ላይ አናሎግ የሚል ጽሑፍ ቢኖርም ቺፑ ዲጂታል ነው፤ ይህ ግን ሊያስቀይምህ አይገባም። የእርሱም ድካም ያው ነው፤ ወደ 500ና 600 ሚሊሰከንድ ሲዘረጋ ይሻክራል፣ ይንጫጫል። ከ100 እስከ 150 ባለው ክልል ግን ንጹሕ ነው፤ በዙሪያው ያለው ማጣሪያም ሹሉን ስለሚቆርጠው ምላሹ የቴፕ ጠባይ ይኖረዋል። ሰዎች እነዚህን ፔዳሎች ጥራት የላቸውም ብለው የሚጥሏቸው ለረጅም ኤኮ ስለሚሞክሯቸው ነው። ለሮካቢሊ የሚፈልጋቸው ሰው ከሚከፍለው ዋጋ በላይ ያገኛል።

የቤህሪንገር ቪዲ400ም በዚህ ዋጋ ክልል ውስጥ ስሙ የሚነሣ ነው። አናሎግ ነው፣ የሚሄደው እስከ 300 ሚሊሰከንድ ነው፣ አዲሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዶላር ባነሰ ይሸጣል፤ ምላሹም ጠቆር ያለ ስለሆነ ለዚህ ሙዚቃ ይስማማል። ጉድለቱ ሣጥኑ ላይ ነው፤ ፕላስቲክ ነው። ቤት ውስጥና በልምምድ ቦታ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ በየሳምንቱ መድረክ ላይ በጫማ የሚረገጥ ከሆነ ግን ልቤ አይሞላም።

ዲጂታል ሰው፦

100 ዶላር ካለ ለምን በአንድ ድምፅ ላይ ይውላል? በዚያው ገንዘብ ያገለገለ መልቲ ኢፌክት ቢገዛ የቴፕ ኤኮም፣ ሪቨርብም፣ ትሬሞሎም፣ የክር መቃኛም በአንድ ሣጥን ያገኛል፤ መዘግየቱንም በስክሪን ላይ በቁጥር ጽፎ ያስቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ ዘፈን የተለየ ልክ ማስቀመጥ መቻሉም ባለግሬች ለጠቀሰችው የፍጥነት ጉዳይ የተሻለ መፍትሔ ይመስለኛል።

ባለግሬች፦

ሐሳብዎ ለብዙ ዓይነት ሙዚቃ ለሚጫወት ሰው ትክክል ነው፤ የተቀመጠ ልክ መኖሩም እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ጠያቂው ሦስት ሰው ባለበት ባንድ ውስጥ አንድ ዓይነት ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ነው። ሮካቢሊ ሲጫወት ኤኮው የጊታሩ አካል ሆኖ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ይቆያል፤ በመሃል የሚደረገው ማስተካከያ አንድ ማዞሪያ በትንሹ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ለዚህ የሚመቸው በዓይን የሚታይ፣ በጣት የሚዞር ማዞሪያ ነው። ከዚህም ሌላ ርካሾቹ መልቲ ኢፌክቶች የጊታሩን ዋና ድምፅ ሳይቀር ወደ ዲጂታል ቀይረው መልሰው ስለሚያወጡት፣ ለብቻው ደስ የሚል ድምፅ ያለው ቲዩብ አምፕሊፋየር ፊት ማስቀመጡ ያሳስበኛል።

ባለስድስትክር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ ሽቦና ብየዳ፣ ስለ ቺፖቹ የጻፉት በተለይ ብዙ ነገር አብርቶልኛል። አሁን ምርጫዬ ወደ ሁለት ጠብቧል፤ አዲስ ቪዲ400 ወይም ያገለገለ ዲዲ-3። የቀሩኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ሌሎቹን ማዞሪያዎች የት ላድርጋቸው? ሪቨርቡን ጨርሶ ልዝጋው ወይስ ትንሽ ልተው? ምላሹ በእርግጥ አንድ ብቻ መሆን አለበት ወይስ ሁለትና ሦስትም ይፈቀዳል?

የሜምፊስ ወዳጅ፦

የ1950ዎቹን ድምፅ ለሚፈልግ ሰው መልሱ አንድ ነው። ፊድባኩን፣ ማለትም የምላሾቹን ብዛት የሚወስነውን ማዞሪያ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙረህ ዝጋው፤ በአብዛኞቹ ፔዳሎች ላይ ያኔ አንድ ምላሽ ብቻ ይቀራል።

ባለግሬች፦

እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። የስትሬይ ካትስ ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሴትዘር የሮላንድ አርኢ-301 የቴፕ ኤኮውን ይዞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህንን ሙዚቃ ለአዲስ ትውልድ ሲያመጣ፣ ከኋላ በጣም ዝቅ ብሎ የሚሰማ ሁለተኛ ምላሽም ይጠቀም ነበር ብዬ በጆሮዬ እሰማለሁ። ባንዱ ሦስት ሰው ብቻ ስለሆነ ያ ሁለተኛ ምላሽ ባዶውን ቦታ ይሞላዋል። የአንተም ባንድ ሦስት ሰው ነው። መጀመሪያ በአንድ ምላሽ ልመድ፤ ከዚያ ፊድባኩን እስኪሰማ ሳይሆን ሲዘጋ የጎደለ መስሎ እስኪታወቅህ ድረስ ብቻ ክፈተው።

የኤኮውን መጠን በተመለከተ፣ ምላሹ ከዋናው ምት ዝቅ ያለ ሆኖ ግን በግልጽ መሰማት አለበት። ብቻህን ስትለማመድ ያማረህ መጠን ከባንዱ ጋር ስትጫወት ይጠፋል፤ ስለዚህ ልኩን ባሱና ድራሙ እየተጫወቱ አስተካክለው።

ድምፅ ቀራጭ፦

እኔ የመድረክ ድምፅ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ሪቨርቡ ልመልስ። ልምምድ በምታደርጉበት ትንሽ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሪቨርብ ቢተው አይጎዳም። ግድግዳውና ወለሉ ባዶ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ግን ክፍሉ ራሱ ያስተጋባል፤ በዚያ ላይ የአምፕሊፋየር ሪቨርብ ከተጨመረ ነጠላው ምላሽ ተውጦ ይቀራል። እኔ ሪቨርቡን ዘግቼ እጀምራለሁ፤ የአዳራሹ ማስተጋባት ከበዛም የኤኮውን መጠን እንጂ ሰዓቱን አልነካም።

ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ። የሜምፊስ ወዳጅ እንዳለው ኤኮው ከቴፕ መቅረጫ የሚወጣ ስለነበረ በጊታሩ ላይ ብቻ አልተወሰነም፤ ድምፃዊውም በውስጡ ነበር። የእናንተ ዘፋኝ ድምፅ ደረቅ ሆኖ ጊታሩ ብቻ ኤኮ ቢኖረው ነገሩ ግማሽ ይሆናል። አብዛኞቹ አነስተኛ ሚክሰሮች ከውስጣቸው ኢፌክት ስላላቸው፣ አጭሩን ዲሌይ መርጣችሁ ለማይክራፎኑ ጥቂት ስጡት፤ ለዚህ ሌላ ፔዳል መግዛት አያስፈልግም።

ፔዳሉ ምን ያህል ሚሊሰከንድ ላይ እንዳለ ለማወቅ ከፈለግህ ደግሞ፣ ክሮቹን በመዳፍህ አፍነህ አንድ ጊዜ ምታና በስልክህ ቅረጸው። ቅጂውን ነፃ በሆነው ኦዳሲቲ ፕሮግራም ከፍተህ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለውን ርቀት ስትለካ ቁጥሩ ይወጣልሃል። ከዚያ የማዞሪያውን ቦታ በቀለም ምልክት አድርግበት።

ሽቦና ብየዳ፦

ስለ አዳፕተሩ ማንም ስላልተናገረ እኔ አደራ ልበልህ። ከአሜሪካ የሚመጣ አዳፕተር በጀርባው ላይ ለ120 ቮልት ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ከሆነ፣ እዚህ 220 ላይ ስትሰካው ይቃጠላል፤ ፔዳሉንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። የአክስትህ ልጅ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበትን ትምረጥ። ውጤቱ 9 ቮልት ዲሲ፣ መሃሉ ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ፖላሪቲው የተገለበጠ አዳፕተር የገደላቸው ፔዳሎች ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ጊዜ ይመጣሉ። ዲጂታል ዲሌይ ከአናሎጉ ይልቅ ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርስ፣ ዲዲ-3ን ከመረጥህ ባትሪውን ለክፉ ቀን ብቻ አስቀምጠው።

ከሁለቱ የትኛውን ለሚለው፣ መመለስ የማይቻል ዕቃ ስለሆነ እኔ ብረቱን እመርጣለሁ። የቪዲ400 ምላሽ ያለ ብዙ ድካም ወደ ቴፕ የቀረበ ነው፤ የዲዲ-3 ምላሽ ደግሞ ከዋናው ድምፅ እኩል ብሩህ ነው፤ ይህ በቀላሉ ይስተካከላል፤ የተሰበረ ፕላስቲክ ግን አይስተካከልም።

ባለስድስትክር፦

እንግዲያው ያገለገለውን ዲዲ-3 ወስኛለሁ፤ ከገንዘቡ የሚተርፈውም ለአዳፕተሩ ይሆናል። ጋሼ፣ ብሩህነቱ በቀላሉ ይስተካከላል ያሉት እንዴት እንደሆነ ቢያብራሩልኝ፤ ቴሌካስተር ራሱ ሹል ድምፅ ያለው ስለሆነ ያሳስበኛል። የአክስቴ ልጅም ሙዚቀኛ ስላልሆነች፣ ሱቅ ውስጥ ምን ብላ ትፈትሸው?

ሽቦና ብየዳ፦

የኤኮውን መጠን መጀመሪያ ከምትፈልገው በላይ አድርገህ ቀስ እያልህ አውርደው፤ ብሩህ ምላሽ ከጠቆረው ይልቅ ቶሎ ስለሚሰማ ያነሰ መጠን ይበቃዋል። ከዚያ የጊታርህን ቶን በጥቂቱ ዝጋ። ወፍራም ክር ብታስገባ ደግሞ ይበልጥ ይረዳሃል፤ የዘመኑ ተጫዋቾች ሦስተኛው ክር የተጠቀለለ የሆነ ወፍራም ስብስብ ነበር የሚጠቀሙት።

ባለግሬች፦

ስለ ፍተሻው እኔ ልመልስ፤ እዚህ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጊታርና አምፕሊፋየር ሰክተው ያሳያሉ። የአክስትህ ልጅ ሻጩ እንዲጫወትላት ትጠይቅ፤ እርሷ የምትሠራው ማዳመጥና ማዞር ነው። ፊድባኩን ወደ ግራ ዘግታ፣ ክልል መምረጫውን በየተራ በሦስቱም ክልሎች ላይ አድርጋ ኤኮው በእያንዳንዱ መውጣቱን ታረጋግጥ። አራቱንም ማዞሪያዎች ከዳር እስከ ዳር ስታዞራቸው የሚንጫጭ ካለ አቧራ ነው፤ ለጋሼ ሽቦና ብየዳ ቀላል ሥራ ነው። ኬብሉ ጃኩ ላይ እንዳለ በቀስታ ታወዛውዘው፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ሌላ ፔዳል ትጠይቅ። በመጨረሻም ከሻጩ አዳፕተር ሳይሆን በባትሪ ታስሞክረው፤ የባትሪው ክዳንና ሽቦው ደኅና መሆናቸውን በዚያው ታያለች።